ታሪኩን የሚሸከም ሕግ፦ ለሚና ጨዋታ ሥርዓት ስለ መምረጥ

የሚና ጨዋታ ማለት ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሰውነት ለብሰው፣ በቃል የሚፈጥሩት ታሪክ ነው። ከመካከላቸው አንዱ አጫዋች ይሆናል። ቦታውን የሚገልጸው፣ ስለ ጠላቱም ስለ ሽማግሌውም ስለ ገበያተኛውም የሚናገረው እሱ ነው። ሌሎቹ ገጸ ባሕርያቸው ምን እንደሚል፣ ምን እንደሚያደርግ ይወስናሉ። የሚደረገው ነገር መሳካቱ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል ወይም ካርታ ይሳባል። የወጣው ቁጥር ምን እንደሚያስከትል የሚናገረው አስቀድሞ የተጻፈ ሕግ ነው። ጨዋታው በአንድ ምሽት ሊያልቅ ይችላል፤ ከሳምንት ሳምንት እየቀጠለ ዓመት ሊፈጅም ይችላል።

የዛሬው ዲስኩር ጉዳይ አንድ ነው፤ ጥሩ ታሪክ ሲታሰብ ለዚያ ታሪክ የሚስማማው የጨዋታ ሕግ እንዴት ይመረጣል? በመጀመሪያ ሕግ በጨዋታ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ይታያል። ቀጥሎ ከጉራጌ ምድር የሚነሡ ታሪኮች እያንዳንዳቸው ምን ዓይነት ሕግ እንደሚጠይቁ ይመረመራል። በመጨረሻ ስለ ተጫዋቾቹ፣ ስለ ጊዜያቸውና ስለ ኪሳቸው ይነገራል።

ከሕግ ሥራ እንጀምር። ሚና መጫወት ለማንም እንግዳ አይደለም። ዕቃ ዕቃ የተጫወተ ልጅ ሁሉ እናት ወይም ባለሱቅ ሆኖ ያውቃል። ሌባና ፖሊስ ሲጫወቱ ደግሞ «ተይዘሃል»፣ «አልተያዝኩም» የሚል ጭቅጭቅ መነሣቱ አይቀርም፤ ብዙ ጊዜም ጨዋታው እዚያው ይፈርሳል። የተጻፈ ሕግ የመጀመሪያ ሥራው ይህን ጭቅጭቅ መዳኘት ነው። ሁለተኛ ሥራው ግን ይበልጣል፤ የተጫዋቹን ዓይን ወደ አንድ ነገር ይመራል። መጽሐፉ ስለ ሰይፍና ስለ ቀስት መቶ ገጽ ጽፎ ስለ ዕርቅ አንድ አንቀጽ ብቻ ከሰጠ፣ ተጫዋቾቹ ሳያስቡት ወደ ሰይፉ ያዘነብላሉ። ሕጉ ብዙ ገጽ የሰጠው ነገር በጠረጴዛው ላይ ብዙ ሰዓት ይወስዳል።

ከእነዚህ ጨዋታዎች ሁሉ ስሙ የገነነው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 አሳተሙት። የተወለደው በትናንሽ ምስሎች ከሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ነው፤ የትውልዱ ምልክትም እስከ ዛሬ አለበት። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ቁስል የሚቀንሰው የሕይወት ነጥብና ጥቃት የሚመክትበት የጥሩር ቁጥር አለው። ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ይጣላል፤ ድል ያደረገ ገጸ ባሕርይ ደረጃው እያደገ ኃይል ይጨምራል። ለጀብዱ፣ ለዋሻና ለአውሬ ታሪክ እጅግ ጥሩ ሕግ ነው። ብዙ ወጣቶች ግን መጀመሪያ ያወቁት እሱን በመሆኑ ማንኛውንም ታሪክ በእሱ ለመጫወት ይሞክራሉ። ታሪኮች የሚበላሹት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ሕግ ለመምረጥ ሁለት ጥያቄዎች ይበቃሉ። አንደኛው፣ ተጫዋቾቹ በዚህ ታሪክ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ምን ሲያደርጉ ይውላሉ? ሁለተኛው፣ ሳይሳካላቸው ሲቀር ምን ያጣሉ? ሕይወታቸውን፣ ስማቸውን፣ ወዳጃቸውን ወይስ የልባቸውን ሰላም? የሁለቱ መልስ ሳይታወቅ መጽሐፍ መምረጥ ከንቱ ድካም ነው።

አሁን ወደ ታሪኮቹ እንሻገር። ቀዳሚው የቃቄ ወርድወት ታሪክ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰባት ቤት ጉራጌ የኖረችው ይህች ሴት ለመብት የታገለች ሆና ትታወሳለች። ሴት የማትፈልገውን ትዳር መተው እንድትችል፣ ወንድ ብዙ ሚስቶች ማግባት ከተፈቀደለትም ለሴት የሚከለከልበት ምክንያት እንዲነገራት ጠይቃ በጆካ ሸንጎ ፊት መቆሟ ይተረካል። ታሪኳ በመጽሐፍ ተጽፏል፤ በቴአትርም ቀርቧል። ጆካ የሰባት ቤት ሽማግሌዎች ቂጫ የሚባለውን ባህላዊ ሕግ የሚያወጡበትና የሚፈርዱበት ሸንጎ ነው።

ሁለቱ ጥያቄዎች እዚህ ላይ ይነሡ። ተጫዋቾቹ ምን ሲያደርጉ ይውላሉ? ሴቶችን ያሰባስባሉ፣ ሽማግሌ ያግባባሉ፣ በሸንጎ ይሟገታሉ። ካልተሳካላቸው ምን ያጣሉ? ክብራቸውን፣ ዘመዳቸውን፣ በማኅበረሰቡ ውስጥ ያላቸውን ቦታ። ይህን ታሪክ በደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚጫወት ሰው ሙግቱ ላይ ሲደርስ አንድ ጊዜ ዳይስ ይጥላል። ሃያ ከወጣ ሽማግሌዎቹ ተስማሙ፣ ሁለት ከወጣ እምቢ አሉ፤ በቃ። የትውልዶች ቁጭት በአንድ ውርወራ ያልቃል። የታሪኩ ልብ የሆነው ትዕይንት በሕጉ ውስጥ ቦታ የለውምና።

ለዚህ ታሪክ የሚቀርበው ሉክ ክሬን የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ2002 መታተም የጀመረው «በርኒንግ ዊል» ነው። በዚህ ጨዋታ ለክርክር ብቻ የተለየ ሕግ አለ። ሁለቱም ወገኖች መጀመሪያ የሚፈልጉትን በግልጽ ይናገራሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ቀጣዮቹን ሦስት እርምጃዎች በስውር ይጽፋል፤ ነጥብ ማንሣት፣ ማስተባበል፣ ርእስ ማስቀየስ፣ ተቃዋሚን ማናደድ፣ ጉዳዩን በአንድ ከባድ ቃል ለመዝጋት መሞከር። ወረቀቱ ሲገለጥ እርምጃዎቹ ይጋጠማሉ፤ የተሸነፈው ነጥብ ከክርክሩ ጉልበት ይቀነሳል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመጨረሻው ደንብ ነው። ያሸነፈው ወገን በክርክሩ መሐል ከተጎዳ፣ በተጎዳው መጠን ለተሸናፊው አንድ ነገር መተው አለበት። ሽምግልና ያየ ሰው ይህን ወዲያው ያውቀዋል። ፍጹም አሸናፊ የሚወጣበት ሸንጎ እምብዛም ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ጥቂት ሰጥተው ጥቂት ይዘው ይሄዳሉ።

ችግርም አለው። የበርኒንግ ዊል መጽሐፍ ወፍራም ነው፤ ለጀማሪ ይከብዳል። ስለዚህ የክርክሩን ክፍል ብቻ ወስዶ ሌላውን ማቅለል ይቻላል። ሌላው አማራጭ ቪንሰንት ቤከር እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው «ዶግስ ኢን ዘ ቪንያርድ» ነው። በእሱ ግጭት በቃል ይጀምራል። በቃል የተሸነፈ ሰው ወደ ጉልበት፣ ከዚያ ወደ ቡጢ፣ ከዚያም ወደ መሣሪያ ከፍ ማድረግ ይፈቀድለታል፤ ከፍ ባደረገ ቁጥርም ተጨማሪ ዳይስ ያገኛል። ዋጋው የሚደርሰው ጉዳት መክበዱ ነው። ሕጉ ተጫዋቹን በየደረጃው «ለዚህ ጉዳይ እጅህን ታነሣለህን?» እያለ ይጠይቀዋል። ስለ ደም፣ ስለ ጉማ (የደም ካሳ) እና ስለ ዕርቅ ለሚደረግ ጨዋታ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ማግኘት ያስቸግራል።

አንድ ማሳሰቢያ ይጨመር። የቃቄ ወርድወት ስሟ የሚከበር ሰው ናት። ስለዚህ ተጫዋቾቹ እሷን ራሷን ከመሆን ይልቅ የተከተሏትን ሴቶች፣ ያመነቱትን ባሎች፣ በመሐል የቆመውን ወጣት ሽማግሌ ቢሆኑ ይሻላል። እሷን አጫዋቹ ይያዛት፤ ጥቂት ትናገር። እንዲህ ሲሆን ታሪኩ ይሰፋል፤ የታወቀውን ሰው በሐሰት ቃል ማናገርም ይቀራል።

ሁለተኛው ምሳሌ ጢያ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ አጠገብ 36 ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ። 32ቱ የተቀረጹ ናቸው፤ ከቅርጾቹም ጎልቶ የሚታየው ሰይፍ ነው። ዩኔስኮ ስፍራውን እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እዚያ የተቀበሩትን ሰዎች ሕይወት ከድንጋዩ የሚያነቡ ተመራማሪዎች ታሪክ ለጨዋታ የተመቸ ነው። ተጫዋቾቹ የሚውሉት ሲፈልጉ፣ ሲጠይቁና ሲያገናኙ ነው።

የምርመራ ጨዋታ አንድ የታወቀ ሕመም አለበት። ዋናው ፍንጭ ከድንጋዩ ሥር ተቀብሯል እንበል። ተጫዋቹ ዳይስ ጥሎ ካልተሳካለት ፍንጩ እዚያው ይቀራል፤ ታሪኩም ይቆማል። ሮቢን ሎውስ የነደፈው «ገምሹ» የተባለ ሥርዓት ለዚህ መድኃኒት አለው። ትክክለኛው ችሎታ ያለው ገጸ ባሕርይ በትክክለኛው ቦታ ከፈለገ ፍንጩን ያለ ዳይስ ያገኘዋል። የጨዋታው ትግል ማግኘቱ ላይ አይደለም፤ የተገኘውን መረዳትና በተረዱት መሠረት መወሰን ላይ ነው። ለጢያ የሚስማማው ይህ ነው።

በምርመራ ጨዋታ የታወቀው ሌላው ሥርዓት ሳንዲ ፒተርሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው «ኮል ኦቭ ክቱሉ» ነው። በእሱ ገጸ ባሕርዩ የአእምሮ ጤና ቁጥር አለው፤ አስፈሪውን እውነት ባየ ቁጥር ይቀንስበታል። ሕጉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከጥንት ድንጋይ ሥር ያለው ሁልጊዜ ክፉ ነው ከሚል እምነት ይነሣል። የአባቶችን መቃብር በዚህ ዓይን ማየት አይገባም። ከቡታጅራ ደቡብ ብዙ ሳይርቅ ወደሚገኘው ወደ ሐረ ሸይጣን የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ሕጉ ቢወሰድ ግን ነገሩ ይለያል። ሐይቁን ሸይጣን ያለው የአካባቢው ሰው ራሱ ነው፤ ስለ ጥልቁ ውኃ የሚያስፈራ ወሬ ቀድሞም ይነገራል። ፍርሃቱ ከቦታው ተረት የመጣ ስለሆነ ሕጉ ቦታውን ያገኛል።

ሦስተኛው ታሪክ አንድም ጀግና የለውም፤ ጀግናው መንደሩ ነው። የጉራጌ ቤቶች ፊት ለፊት ተሰልፈው የሚታዩበት ጀፎረ የሚባለው ሰፊ የሣር መንገድ፣ ለቅሶም ሠርግም ከብትም የሚያስተናግድ የጋራ መሬት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ደግሞ የአካባቢው ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ለመሥራት በማኅበር ተደራጅተዋል፤ ከዓለም ገና በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀው መንገድ የዚያ ዘመን ትግል መታሰቢያ ነው። እንዲህ ያለው ታሪክ በገጸ ባሕርይ የሕይወት ነጥብ አይለካም።

ለዚህ የሚሆነው ኤቨሪ ኦልደር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣችው «ዘ ኳየት ይር» ነው። አጫዋች አያስፈልገውም። ተጫዋቾቹ በአንድ ባዶ ወረቀት ላይ የመንደራቸውን ካርታ አብረው ይሥላሉ። 52 የመጫወቻ ካርታዎች የአንድን ዓመት 52 ሳምንታት ይወክላሉ፤ አራቱ የካርታ ዓይነቶች አራቱ ወቅቶች ናቸው። በየተራው ካርታ ይሳባል፣ በመንደሩ ላይ አንድ ነገር ይደርሳል። ባለ ተራው ወይ ሥራ ያስጀምራል፣ ወይ አዲስ ነገር ያገኛል፣ ወይ ስብሰባ ይጠራል። የተጀመረው ሥራ ላይ ዳይስ ይቀመጣል፤ በየሳምንቱ ቁጥሩ አንድ እየቀነሰ ዜሮ ሲደርስ ሥራው ያልቃል። በስብሰባው ሁሉም አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ ውሳኔ ግን አይሰጥም። ሳይማከሩት የተሠራበት ተጫዋች ቅሬታውን የሚያሳይ ጠጠር ከመሐል አንሥቶ ፊቱ ያስቀምጣል። መዋጮ የሰበሰበ፣ ዕድር የመራ፣ የመንገድ ኮሚቴ ውስጥ የሠራ ሰው ያን ጠጠር ሲያይ ማብራሪያ አይጠይቅም።

በጉራጌ ምድር ግን አንድ ነገር መስተካከል አለበት። እንሰት ከተተከለ በኋላ ለምግብ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይወስዳል። በአንድ ዓመት በሚያልቅ ጨዋታ ውስጥ ተክሎ ለምግብ ማድረስ አይቻልም። አንዱን ካርታ እንደ ሳምንት በመቁጠር ፈንታ እንደ ወር ቢቆጠር 52ቱ ካርታ 4 ዓመት ያህል ይሆናል። ያኔ በመጀመሪያው ተራ የተተከለው እንሰት በጨዋታው መጨረሻ ለቆጮ ሊደርስ ይችላል። አራቱ የካርታ ዓይነቶች ወቅት መሆናቸው ቀርቶ አራት ዓመታት ይሆናሉ። ታሪኩ ከሕጉ ጋር ሲጋጭ መታጠፍ ያለበት ሕጉ ነው፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ለውጥም ሕጉን አያፈርሰውም።

ሌሎቹ ታሪኮች ባጭሩ ይነሡ። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ የምኒልክን ጦር የተቃወመበት ዘመን የጦርነት ዘመን ነው፤ ሰይፍ የበዛበት ሕግ ይበቃዋል የሚል ሰው ይኖራል። የዚያ ዘመን ጭንቅ ግን ከማን ጋር መቆም የሚለው ነበር። ሃይማኖት፣ ዘመድ፣ ጎረቤትና ቃል ኪዳን ሰውን ወደተለያየ አቅጣጫ ሳቡት። ግሬግ ስታፎርድ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው «ፔንድራገን» ታማኝነትን፣ ፍቅርንና ጥላቻን በቁጥር ይመዘግባል፤ ከእነዚህ ሁለቱ ሲጋጩ ዳይስ ይጣላል፣ ሰውዬው ለየትኛው እንደሚያደላ ይታያል። መጽሐፉ የተጻፈው ስለ ብሪታንያው የአፈ ታሪክ ንጉሥ አርተር ቢሆንም ይህ ክፍል ያለ ችግር ይሻገራል።

ከመንደሩ ወጥቶ መርካቶ የገባ፣ በሊስትሮ ጀምሮ ሱቅ የከፈተ ወጣት ታሪክም አለ። ለእሱ ጆን ሃርፐር እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተመው «ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ» ይጠቅማል። መጽሐፉ ስለ ወንበዴዎች ስለሆነ ሥራው መለወጥ አለበት። ሆኖም ቡድኑ ራሱ የራሱ ወረቀት ያለው ገጸ ባሕርይ መሆኑ ለእቁብ ጓደኞች ታሪክ የተሠራ ያስመስለዋል።

ለሁሉም የሚሆን አንድ ሕግ አይሻልም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። እንደነዚህ ያሉ ሥርዓቶች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው «ገርፕስ» አንዱ ነው። የትኛውንም ዘመን፣ የትኛውንም ዓለም ይቀበላል። ጉድለቱ ከዚያው ይመጣል፤ ነገሩ መሳካት አለመሳካቱን ይነግራል እንጂ ተጫዋቹን ወደ ታሪኩ ልብ አይገፋውም። «ፌት» የተባለው ሌላ አጠቃላይ ሥርዓት በዚህ ይሻላል። በእሱ የገጸ ባሕርዩ ጠባይ በአጭር ሐረግ ይጻፋል፤ «የአባቱን ዕዳ የተሸከመ» እንደሚል። ያ ጠባይ ችግር ባመጣበት ቁጥር ተጫዋቹ ኋላ የሚጠቀምበት ነጥብ ያገኛል። ድክመትን ለታሪክ ማዋል ስለሚያስተምር ለጀማሪ ቡድን ይመከራል።

የመጨረሻው ክፍል ጠረጴዛው ነው። ለታሪኩ የሚስማማ ሕግ ለሰዎቹ ላይስማማ ይችላል። በዩኒቨርሲቲ ግቢ በየሳምንቱ የሚገናኙ አራት ተማሪዎች እንደ በርኒንግ ዊል ያለ ከባድ መጽሐፍ ቀስ በቀስ ሊለምዱት ይችላሉ። ለመስቀል ከየከተማው ወደ አገሩ የተሰበሰበ ቤተ ዘመድ ግን አንድ ምሽት ብቻ አለው፤ ሕጉ በሩብ ሰዓት የሚገለጽ መሆን አለበት። ለዚህ ዓይነት ቤተ ዘመድ ፔንድራገን የሚያቀርበው ሌላ ነገር አለ። በእሱ ደንብ አንድ ጀብዱ የአንድ ዓመት ድርሻ ነው። ከዚያ ገጸ ባሕርዩ ዕድሜው ይጨምራል፣ ልጅ ይወልዳል፤ ሲሞት ልጁ ይተካዋል። በየዓመቱ መስቀል አንድ ጊዜ ብቻ የሚቀመጥ ቤተሰብ በጨዋታው ውስጥም አንድ ዓመት አለፈ ብሎ ይቀጥላል፤ በብዙ መስቀል የአንድ ቤት ትውልድ ይተረካል። ሕጉ ቀለል ተደርጎ ከተወሰደ ይህ በጉራጌ የሚሞከር ታላቅ ሐሳብ ነው።

ቋንቋም ይታሰብበት። መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፤ ጨዋታው ግን በአማርኛ ወይም በጉራግኛ ይካሄዳል። ስለዚህ በየደቂቃው መጽሐፍ የሚያስገልጥ ሕግ ጨዋታውን ያቀዘቅዛል። አጫዋቹ አስፈላጊውን በአንድ ገጽ በአማርኛ ጽፎ ፎቶ ኮፒ ያድል። ያ ገጽ ሞልቶ የሚተርፍ ሕግ ለዚያ ቡድን ከባድ ነው ማለት ነው።

ገንዘብ እንቅፋት መሆን የለበትም። የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ መሠረታዊ ሕግ እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ ማንም በነፃ ሊጠቀምበት በሚችል ፈቃድ ተለቋል። የፌት ሕግም በተመሳሳይ ፈቃድ ይገኛል። በመሐላ ላይ የተመሠረተውና ብቻውን ለሚጫወት ሰው ጭምር የሚሆነው «አይረንስዎርን» በነፃ ይወርዳል። ዳይስም ቢሆን የሉዶው ባለ ስድስት ፊት ለበርኒንግ ዊል፣ ለብሌድስ ኢን ዘ ዳርክና ለዘ ኳየት ይር ይበቃል። ለፌት 1 እና 2 እንደ ቅናሽ፣ 3 እና 4 እንደ ባዶ፣ 5 እና 6 እንደ ጭማሪ ይቆጠራሉ። ባለ ሃያ ፊቱ ከጠፋ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው የተጠቀለሉ ወረቀቶች ከስኒ ይወጣሉ።

ምርጫው ከተደረገ በኋላ ፈተና ያስፈልገዋል። የታሪኩ ልብ የሆነው አንድ ትዕይንት ተለይቶ በመጀመሪያው ቀን ብቻውን ይሞከር፤ የሸንጎው ሙግት፣ የድንጋዩ ፍንጭ ወይም የመንደሩ ስብሰባ። ተጫዋቾቹ በትዕይንቱ ውስጥ ስለ ሰዎቹ ካወሩ ሕጉ ይዟል። ስለ ቁጥሩ ብቻ ካወሩ ወይም ዳይሱን ረስተውት ከተጨዋወቱ ሕጉ አልያዘም፤ ሌላ ይፈለግ። ጨዋታው ወራት ከሄደ በኋላ እንኳ ሕግ መለወጥ ይቻላል። ያን ጊዜ ቁጥሮቹ ይተዋሉ፤ ስሞቹ፣ ዕዳዎቹ፣ መሐላዎቹና የተጣሉት ወንድማማቾች ወደ አዲሱ ወረቀት ይገለበጣሉ። ለውጡ በሁለት ትዕይንት መካከል፣ ሁሉም ተጫዋች ተስማምቶበት ይደረግ።